ደጃፋችን ላይ ላለው ጫማ ባለቤት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ጤና የሚጠየቀው ያለ ሰው ነው። እርስዎ የሉም። ያለው ደጃፋችን ላይ የተቀመጠው ጫማዎ ብቻ ነው፤ እሱንም ባለቤቴ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ገዝቶ ያመጣው ነው። ቢሆንም በዚህ ቤት ውስጥ ከማንም በላይ የጠራሁት እርስዎን ስለሆነ፣ ስሄድም ደህና ይሁኑ ልልዎት ይገባኛል።

መጀመሪያ እንዴት እንደተወለዱ ልንገርዎት፤ ሰው መቼም የትውልዱን ነገር ማወቅ ይወዳል። ባለቤቴ ካርታ ተጫዋች ነው። እንጀራው እሱ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። ቁማርተኛ ካሉት ይቆጣል። «ቁማርተኛ ዕድሉን ነው የሚጠብቀው፤ እኔ የምጠብቀው የሰው ስህተት ነው» ይላል። እውነቱን ለመናገር አይጠጣም፣ አያመሽም ልበል ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፣ ሥራው ማታ ነውና። ጠረጴዛው ላይ «ድንጋዩ» ነው የሚሉት፤ ምን ዓይነት ካርታ ቢይዝ ፊቱ አይለወጥም። አብዛኛውን ጊዜ አሸንፎ ይመጣል። ያሸነፈውም በጥሬው እቤታችን ይገባል። ባንክ አስገባው ስለው «ባንክ ከየት አመጣኸው ይለኛል፤ ደግሞ ትልቅ ጨዋታ የሚጠራው ባንክ ሲዘጋ ነው» ይላል። ስለዚህ ገንዘቡ እዚሁ ነው። የት እንደሆነ ለእርስዎም አልነግርዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደብዳቤ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

የነጋዴን ገንዘብ ሌባ የሚገምተው በሱቁ ትልቅነት ነው። የካርታ ተጫዋች ገንዘብ ግን ግምት አያስፈልገውም፤ የተበላ ሰው የተበላውን ልቅም አድርጎ ያውቃል። ባለቤቴ አሸንፎ በተነሣ ቁጥር ኪሱ ምን ይዞ እንደሄደ የሚያውቁ፣ ሆዳቸው የቆሰለ ሰዎች ጠረጴዛው ዙሪያ ይቀራሉ። እሱም ይህን ስለሚያውቅ መጀመሪያ በሩን ብረት አደረገው። ቀጥሎ መስኮቶቹን በሙሉ ፍርግርግ አስበየደባቸው። ከዚያ ቤቱ ለአፍታም ባዶ እንዳይሆን ብሎ ሕግ አወጣ። እሱ ማታ ሥራ ላይ ነው፣ ቀን እንቅልፍ ላይ ነው፣ አንዳንዴም ሌላ ከተማ ሄዶ ይሰነብታል። ቤቱን ባዶ የማታደርገው እንግዲህ ማን እንደሆነች ልብ ይሏል።

በመጨረሻ እርስዎን አመጣ። «ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤትና ወንድ ያለበት ቤት ለሌባ አንድ አይደለም» አለና ያንን ታንኳ የሚያህል ቡናማ ጫማ ደጃፉ ላይ ጎለተው። «ታላቅ ወንድሜ ነው በይ። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፣ ቁጡ ነው፣ ከቤት መውጣት አይወድም።»

ይኸው እንዲህ ተወለዱ። ከዚያ ወዲህ ጫማዎን መንከባከብ ሥራዬ ሆነ። ጠዋት ጠዋት አቀማመጡን እለዋውጠዋለሁ፤ አንዳንዴ ጎን ለጎን፣ አንዳንዴ ደክሞት የገባ ሰው እንዳወለቀው አንዱን ጋደም አደርገዋለሁ። ዝናብ ሲዘንብ ሶሉን ጭቃ አስነካዋለሁ። ሰው ሲያንኳኳ ወደ ጓዳ ዞሬ «ወንድም ጋሼ፣ ይተኙ፣ እኔ እከፍታለሁ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ሬዲዮኑን ኳስ ላይ አድርጌ ከፍ አድርጌ እተወዋለሁ፤ ኳስ የሚባል ነገር የማልወድ ሴት አሁን የተከላካይ ስህተት ከዳኛው ቀድሜ አውቃለሁ። የቀኝ ጫማዎ ሶል በውጭ በኩል ተበልቷል። በቀኝ ትከሻዎ ሸክም ይሸከሙ ነበር ማለት ነው እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ የለም፣ ግድግዳ ተደግፈው ሰው ሲጠብቁ ኖረው ነው እላለሁ። ስለ እርስዎ እንዲህ ሳወጣ ሳወርድ ይመሻል።

ሠፈርተኛው ግን አይወድዎትም። ይህን ሳልነግርዎት ብሄድ ደግ አይደለም። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ባል የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲደርስ እርስዎ ቀሩ። በኋላ በር ላይ አገኘችኝና «እናንተ ቤት ያሉት ሰውዬ ምን አድርገናቸው ነው? ለሞተ ሰው እንኳ ብቅ አይሉም?» አለችኝ።

«ወገባቸውን ያማቸዋል» አልኳት።

«ወገባቸውን ነው ወይስ ልባቸውን?»

ምን ልበላት? እኔም ብሆን ሩጬ ገብቼ ሩጬ ነው የወጣሁት፤ ቤቱ ባዶ ነበራ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። የነበረችኝ አንድ ወዳጅ እሷ ነበረች። አልቀየምኩዎትም፣ ግን ይወቁልኝ።

አሁን ስለ እናቴ ልንገርዎት፤ ነገሩ ሁሉ ለእኔ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እናቴ ሌላ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ሐኪሙም ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነግሯታል። ማማረር አታውቅም። ባለፈው ስደውልላት ግን «ልጄ፣ ሰው ሲገባ ጥላው ይታየኛል፤ ጠጋ ሲልልኝ ፊቱን እለያለሁ። መምጣትሽ ካልቀረ ፊትሽን እያየሁ ነይ» አለችኝ። ለባለቤቴ ነገርኩት። «በሚቀጥለው ወር» አለኝ። የሚቀጥለው ወር ሲመጣ ትልቅ ጨዋታ ተጠራ። «ከጨዋታው በኋላ» አለኝ። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ያሸነፈው ከወትሮው ስለበዛ ቤቱ ይበልጥ ጠባቂ የሚፈልግ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እኔ ነኝ። ወተቷስ ይቅርብኝ፤ እናቴን ነው ያላየሁት።

በዚህ መሀል የነባለቤቴ ካርታ በዋዥ መጣ። እሱ አይጫወትም፤ ካርታውን በውዞ ለተጫዋቾቹ የሚያድል ሽማግሌ ነው። የመጣው በቀትር ነው፣ ባለቤቴም ከተማ ውስጥ አልነበረም። ሲያንኳኳ እንደ ልማዴ ወደ ጓዳ ዞሬ «ወንድም ጋሼ፣ ይተኙ፣ እኔ እከፍታለሁ!» ብዬ ጮኽኩና የበሩን ትንሽ መስኮት ከፈትኩ። ቀጭን ሰው ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። የሚያየው እኔን አይደለም፣ ጫማዎን ነው።

«ልጄ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አትድከሚ። እናውቃለን።»

«ምኑን?»

«ሰውየው እንደሌሉ።»

 ማን እንደሆነ ነገረኝና የሆነውን አጫወተኝ። ባለቤቴ ባለፈው ጨዋታ ምንም በሌለው ካርታ አስፈራርቶ ሁሉንም ካርታ አስጥሎ በላቸው። እንዲህ ሲያሸንፍ ካርታውን ሳያሳይ መመለስ ነበረበት፣ ጨዋታው እንደዚያ ነው። ያን ቀን ግን አላስችል አለውና ገልብጦ አሳያቸው። ሲንጫጩበት ሳቀና «ይሄ ምኑ ይገርማችኋል? ቤቴንስ የሚጠብቅልኝ ባዶ ጫማ አይደል?» አለ። ከዚያ ዘርግፎ አወራው፤ ጫማውን፣ ጭቃውን፣ የእኔን ጩኸት ሳይቀር። ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ አለኝ በዋዡ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ፊቱን ድንጋይ ያደረገው ሰው አፉን ረስቶታል። እኔ ደግሞ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኖብኝ፣ ስንት ሰው የሳቀበትን ጩኸት ደጃፌ ላይ ስጮኽ ከርሜያለሁ።

«ከሳቁት አንዱ ክፉኛ የተበላ ነው» አለ በዋዡ። «ለብቻዬ ያዘኝና ሚስትየው ከቤት የምትወጣው መቼ መቼ ነው አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«አትወጣም አልኩት። ተስፋ ይቁረጥ ብዬ ነው።»

«እሱስ?»

ቆቡን በእጁ አዟዟረው። «እንግዲያው እያለችም ይሆናል አለ።»

እኔ ዘንድ እንዳልመጣ እንድቆጥረው ለመነኝና ሄደ። መስኮቷን ዘግቼ ቆምኩ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ስቀመጥ ገንዘቡ የሚጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔም ከገንዘቡ ጋር የተቀመጥኩ ዕቃ ኖሬያለሁ። ቤቱን ዞሬ አየሁት፤ ጓዳው ፍርግርግ፣ መኝታ ቤቱ ፍርግርግ፣ መታጠቢያ ቤቱ እንኳ እጅ የማታስገባዋ መስኮት ሳትቀር ፍርግርግ። ብየዳው የተሠራው ሌባ እንዳይገባ ነው፤ አንዴ በበሩ ከገባ ግን እኔ የምወጣበት የለኝም። ሁሉንም ነቀነቅኳቸው። ጥሩ ሠራተኛ ነው የሠራቸው።

ባለቤቴ ሲመለስ ነገርኩት።

«ማን ነው የነገረሽ?»

«ማንም ይንገረኝ። ብለሃል አላልክም?»

«ጨዋታ ላይ የተባለ ነገር ነው።»

«ሰውየው ጨዋታ አልመሰለውም።»

ኮቱን አውልቆ ሰቀለ።

«ገንዘቡን ከዚህ ቤት አውጣው። አለዚያ እኔ ልውጣ፣ እናቴ ጋ ልሂድ።»

«አንቺ ከሄድሽ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«አንተ ጠብቀዋ!»

«እኔ ሥራ አለኝ።»

«እኔ እያለሁ ቢመጡስ?»

 ባለቤቴ ሁሉንም ነገር የሚያሰላ ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ማን ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያሰላል። ይህንንም አስልቶት ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁት፣ አየሁት፤ ምንም የለበትም። ቢቆጣ፣ ቢደነግጥ እንኳ እሺ ነበር። «ላስብበት» ብሎ ወጣ። እስኪመለስ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሬዲዮኑ ኳሱን ያወራል።

አመሻሹ ላይ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ ፊቱ ፈክቶ መጣ። ያ ፊት ሲፈካ እንዴት ደስ እንደሚል አያውቁም። «መላ አግኝቻለሁ» አለኝ። እኔ ሞኟ ለእናቴ የምወስድላት ነገር ገዝቶልኝ መሰለኝና ፌስታሉን ከእጁ ተቀበልኩት።

ጫማ ነው። ሌላ ጫማ። ከእርስዎ በጣም ያነሰ፣ የጎረምሳ ሸራ ጫማ።

«ያወራሁት ስለ አንዱ ነው» አለኝ፣ «ሁለት ሲያዩ ግራ ይገባቸዋል። የወንድም ጋሼ ልጅ መጥቷል በይ።»

እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅ ደረሰልዎት። ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ባለቤቴ የሳቅኩት መላው አስደስቶኝ መሰለውና አብሮኝ ሳቀ። በልጅነቱ እንዲህ ይስቅ ነበር ብላ እናቱ የነገረችኝ ሳቅ ነው። ወድጄው ነው ያገባሁት፣ አሁንም አልጠላሁትም። ያን ጊዜ ግን ወሰንኩ።

ዛሬ ጠዋት ለጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሰሞኑን አይመለስም። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ የራሴን ጫማ ከአልጋ ሥር ሳወጣው ሶሉ አፉን ከፍቶ ተላቆ አገኘሁት። ጫማ ሳይረገጥ ሲቀመጥ ለካ ማጣበቂያው ይደርቃል፤ እኔ ጫማ የሚያልቀው በመሄድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ምን ልሁን ብዬ የልጅዎን ሸራ ጫማ ሞከርኩት። ልኬ ነው።

ከገንዘቡ አልነካሁም። ለመንገድ የያዝኩት ከአስቤዛ የቆጠብኳትን ነው። በሩን ቆልፌ ቁልፌን በበሩ ሥር ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ፤ ደጅ ላይ ቆሜ እንዳላመነታ። ሳልፍ ልብስ ሰፊዋን እጠራትና ያን ጊዜ ለቅሶ የቀሩት ክፋት ኖሮዎት እንዳልሆነ፣ ስለሌሉ መሆኑን እነግራታለሁ። ይቅር ትልዎታለች፣ እኔንም ይቅር ብትለኝ ደስ ይለኛል። እፈራለሁ፣ አልዋሽዎትም። መንገድ መሻገር ራሱ ያስፈራኛል። ቢሆንም ማታ እናቴ ቤት ገብቼ፣ ጠጋ ብዬ ፊቴን ፊቷ ላይ አደርገዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በቀኝ ጫማዎ ውስጥ አስገባዋለሁ። ባለቤቴ ካገኘው አድራሻዬን ያውቃል፤ ገንዘቡን ሳይሆን እኔን ፈልጎ ከመጣ እናቴ ቤት ወንበር አይጠፋም። ያ የተበላው ሰውዬ ቀድሞ ካገኘውም ይወቀው፤ ከዚህ ቤት ሰው ወጥቷል፣ ማንንም መጉዳት አያስፈልገውም።

ደህና ይሁኑ፣ ወንድም ጋሼ። ያን ሁሉ ስጠራዎት አንድ ቀን አቤት ብለውኝ አያውቁም፤ ግን ሌላ የምጠራው ሰው አልነበረኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅዎን ይዤው ሄጃለሁ። ቤቱን አደራ። እርስዎንም ከሰለቸዎት ግን ጫማዎ ደጃፍ ላይ ነው፤ አጥልቀው ይውጡ።

የወንድምዎ ሚስት