እናቱ ሞታ ቆርቆሮ ይጭራል

ይድረስ ለእኅቴ ለያለምወርቅ፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ቁርጥማት ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? ልጆቹስ? ዝናቡስ በወቅቱ ጣለላችሁ? እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወባውም እስካሁን አልጣለኝም። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አንዳርጋቸው ከቁረይሻ ሲመለስ «እናቱ ሞታ እሱ ቆርቆሮ ይጭራል» ብሎ ለአገሩ እንዳወራ፣ አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ እንደዋልሽ ጽፈሻል። እውነት ከሆነ እኅቴ አትበለኝ ብለሻል። አንዳርጋቸው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ያላየውም ስላለ ግን ከሥሩ ልንገርሽ።

አምና የሰሊጡ አጨዳ ሲያልቅ አንዳርጋቸውን ቁረይሻ እርሻው ላይ ትቼ ወደ ገዳሪፍ ገብቼ ገበያ ውስጥ ሸክም ያዝኩ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከባድ ብረት አሸከመችኝ። ሳፊያ ትባላለች፤ ካርቱም የሥዕል አስተማሪ ነበረች፣ ጦርነቱ ነው እዚህ የጣላት። ብረቱ አንጥረኛ የሠራላት የሥዕል ማተሚያ ኖሯል። ቤቷ ካደረስኩላት በኋላ እስቲ እጀታውን አዙርልኝ አለችኝ። በዚያው ቀረሁ።

አንዳርጋቸው ቆርቆሮ ያለው ዚንክ ነው። ተወልውሎ ሰም ይቀባና በሰሙ ላይ በመርፌ ይሣላል። ከዚያ አሲድ ውስጥ ይነከራል፤ አሲዱ ሰሙን አይነካም፣ መርፌ ያለፈበትን ብቻ ይበላል። ሰሙን ጠርገሽ ቀለም ስትቀቢውና መልሰሽ ስትወለውዪው፣ ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ደርበሽ በማተሚያው ስታሳልፊው ሥዕሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል። ሳፊያ የምታትመው የዚህን አገር አራዊት ነው፤ ሚዳቋውን፣ ሰጎኑን፣ አጋዘኑን። ከካርቱም የተፈናቀሉ ልጆች በሚማሩበት ዳስ ውስጥ ትሰቅለዋለች። እነዚህ ልጆች ከአህያና ከድመት በቀር እንስሳ አያውቁም ትላለች። መጀመሪያ እጄ ይከብድ ስለነበር፣ «ሹዋያ፣ ሹዋያ! ቀስ በል፣ እርሻ አይደለም» እያለች ታስቆመኝ ነበር።

በኋላ የራስህን አውሬ ምረጥ ስትለኝ ጃርት አልኳት። «አቡ ሾክ! የእሾህ አባት!» ብላ ሳቀች። ለምን ጃርት እንደመጣብኝ አንቺ ታውቂዋለሽ። እማዬ ዱባዋን የጨረሰባትን ጃርት እየረገመች፣ በዚያው በጃርት እሾህ ፀጉርሽን ትከፍልልሽ አልነበር?

መርዶው የደረሰኝ ቀን የጃርቱ ዚንክ አሲድ ውስጥ ነበር። አሲዱ ሲበላ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውን በዶሮ ላባ እያሹ መጥረግ ነው። አንዳርጋቸው ከቁረይሻ ደወለ። «ምስጋናው፣ ወንድ ሁን። እትዬ ዙፋን አርፈዋል፤ ተቀብረዋልም» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ላባውን አነሣሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሳፊያ ከገበያ ስትመለስ «ምን እያደረግህ ነው? አልቋል እኮ!» ብላ ጮኸች። የጃርቱ ጀርባ ተበልቶ ተቀዷል። «እናቴ ሞተች» አልኳት፤ ዳቦ አለቀ እንደሚል ሰው። ላባውን ተቀበለችኝና እንደ ሕፃን እጄን አጠበችልኝ።

በደንባቸው ምንጣፍ አነጠፈች፤ ጎረቤቱ ሻይ እያፈላ መጣ። ክብርኣብ የሚባል ከትግራይ የተሰደደ ጎረቤታችን አቅፎኝ ተንሰቀሰቀ። እማዬን የማያውቅ ሁሉ አለቀሰላት፤ እኔ አላለቀስኩም። ተንተርሰሽው ያደርሽው ክንድ ጠዋት እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ቢነኩትም አይሰማሽ፣ የሌላ ሰው ይመስልሻል። እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ሆነ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። እንባዬ ለምን እንቢ አለኝ ብዬ ሳፊያን ጠየቅኋት። «ወንድሜን ግቢያችን ውስጥ ቀብሬ ከካርቱም ስወጣ የእኔም ዓይን ደረቅ ነበር። ማዓሌሽ፣ አይዞህ፤ ብቻ እጅህን ሥራ አታስፈታው» አለችኝ። እናም አንዳርጋቸው ሊያጽናናኝ ሲመጣ አዲስ ዚንክ ላይ የጃርት እሾህ ስሥል ደረሰ። ግባ አልኩት እንጂ መርፌውን አላስቀመጥኩም። ያየው ይህን ነው።

ያኔ የገላባት ኬላ ተዘግቶ ነበር። እንደ አንዳርጋቸው በጫካ ልግባ ብል፣ ከሄዱት ያልደረሱ አሉ ሲሉኝ ተውኩት፤ ለአርባዋም አልደረስኩም። አሁን ለነጋዴ ከፍተዋል፤ ለሁሉም ሲከፍቱ እመጣለሁ። መቃብሯ ላይ ቆሜ ዓይኔ ባይረጥብ ግን ሰው ፊት አትውቀሺኝ። እስከዚያው ስታለቅሺ የእኔንም ድርሻ አልቅሺልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ነጋዴው ዛኪር የታተመውን ጃርትም ይዞልሻል። አንድ እግሩ አጥሯል፤ እሾሁን ግን አንድ በአንድ ነው የሣልኩት።

ባለቤትሽን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ ማረሻው እንዳይዝግ አደራ በይው። ወለተ ማርያምን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። ትንሹንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ መልኩን እንኳ አላየሁትም። የንስሐ አባታችን በጸሎት ያስቡኝ። የእማዬንም ጉልበት ሳሚልኝ።

ይህን የመጨረሻውን የጻፈው እጄ ነው፤ ለምዶበት። ልሰርዘው ብዕሩን አስጠጋሁ፤ አልቻልኩም። እንዳለ ልኬልሻለሁ።

ወንድምሽ ምስጋናው
ገዳሪፍ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.