የአረንጓዴዋ መኪና ዋጋ

እሁድ፣ ማርች 9
ዝናብ። ጉልበቴ ዛሬም አልተሻለውም። ከጨረታ ቤቱ የመጣውን መጽሔት ሳገላብጥ አገኘኋት… አረንጓዴዋን። ታርጋዋ ያው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ጣሪያችን ሲያፈስ በሁለት ሺህ ፓውንድ የሸጥኳት መኪናዬ። አሁን መነሻዋ ስምንት ሺህ! ለሂልዳ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየቻት።
"ለሰርጋችን የሄድንባት" አለች። "አምጣት በቃ፣ ዊልፍ።"
ያለን አሥራ ሁለት ሺህ ነው። ሌላ የለም።

ቅዳሜ፣ ማርች 15
አላመጣኋትም።
ሂሳቡን መዳፌ ላይ ጽፌ ነበር የሄድኩት። የአጫራቹ መዶሻ የሚያርፍበት ዋጋ የሚከፈለው ዋጋ አይደለም። ገዢው ለጨረታ ቤቱ አሥራ አምስት በመቶ ኮሚሽን ይከፍላል፣ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ ታክስ። ስለዚህ አሥር ሺህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አቆምኩ። ከፊቴ ያለው ባለ ሱፍ ኮት አምስት መቶ ጨመረ። አጫራቹ እኔን እያየ "አንዴ ብቻ ይጨምራሉ፣ ጌታዬ?" አለኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።
ሂልዳ፦ "ለአምስት መቶ ብለህ ተውካት?"
"ኮሚሽኑ አለ እኮ።"
"ምን ሠርተውልህ?"
ምን ልበላት? ወንበርና ቀዝቃዛ ሻይ ሰጥተውኛል። ደከመኝ።

ሰኞ፣ ማርች 17
ሂልዳ አላናገረችኝም። ሾርባው ግን ጥሩ ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 27
ስልክ ተደወለ። ባለ ኮቱ ነው፤ ፔንሄል ይባላል። ቁጥሬን ከመኪናዋ የጥገና ደብተር ላይ አገኘው፣ ያኔ በእጄ የጻፍኩትን። "አልነሳ አለችኝ። ሦስት መካኒክ አይቷታል።"
ሄድኩ። ጋራዡ ከቤቴ ይሞቃል። ሰውየው ዞር ሲልልኝ ጫማዬን አውልቄ የነዳጅ ፓምፑን በተረከዙ ሁለቴ መታ መታ አደረግኩት። ድሮም እንደዚህ ነበረች። ተነሳች። እንባዬ መጣ፣ ምን ልዋሽ።
"ስንት ልክፈልዎት?"
"አሥራ አምስት በመቶ።"
አልሳቀም።
"ይነዷታል?" አልኩት።
"ኧረ እኔ አልነዳትም። ዋጋዋ እስኪጨምር ትቁም። በሚመጣው ዓመት አጫርታታለሁ።"
"ቆማ ከከረመች ትበላሽብዎታለች።"
ዋሸሁ? ግማሹን ብቻ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 13
ቁልፏ እኔ ጋ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ላንቀሳቅሳት ከፔንሄል ጋር ተስማማን፤ ኢንሹራንሱን እሱ ይከፍላል። ዛሬ ከሂልዳ ጋር እስከ ባሕሩ ሄድን። ዝናብ መጣ። በእሷ በኩል ያለው መስኮት እንደ ድሮው አልዘጋ አለ፤ በሻሿ ወተፈችው።
"ሲሸጣትስ?" አለችኝ።
"ኮሚሽኑን ሌላ ሰው ይከፍላል።"
 ከዚያ እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። የጥገና ደብተሩ ላይ ስልክ ቁጥሬ ደብዝዞ ነበር… ለቀጣዩ ገዢ አድምቄ ጻፍኩት።