የቧንቧው ውሃ

ለውድ ወንድሜ ለዳዲ፣

የሀዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ላፍቶ ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክህ አልነሳ ስላለኝ ይህን በአውቶቡስ ሹፌር ልኬልሃለሁ።

መጋዙ የቆረጣቸው ጣቶቼ ቁስላቸው ቢድንም፣ ብርድ ሲነካቸው እስከ ክርኔ ይጠዘጥዘኝ ነበር። እኔ ሞኙ ፍም ላይ ላሞቃቸው ብዬ ሳይሰማኝ ለበለብኳቸው። ፊዚዮቴራፒስቷ «ጋሼ፣ ጣት እኮ ነው፣ በቆሎ አይደለም!» ብላ ጮኸችብኝ። ጣቶቼ መነካት እንዲለምዱ፣ እንዳዘዘችኝ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ ጥሬ ሩዝ ውስጥ እያሻሸሁ፣ የሚስቴን ሮዝ ጓንት አጥልቄ ሰፈሩ እየሳቀብኝ ሁለት ወር ከረምኩ።

ትናንት ሚስቴ ለምሳ ስታስታጥበን ረስታው ቀዝቃዛውን የቧንቧ ውሃ አፈሰሰችብኝ። ሁላችንም እጄን አየን። ዳዲ፣ ምንም አላለኝም!

መጋዙ የቆረጠኝ ቀን ማሽኑን ያስነሳኸው እኔው «አስነሳ» ብዬህ ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰውም ይህንኑ ነው። ጣውላ ስገፋ ከወዲያ የሚስብልኝ ሌላ ሰው በቦታህ አልቀጠርኩም። እዚህ ቤት ማስታጠብም የታናሽ ነው፤ ጆጉና ፎጣው የአንተ ናቸው።

ልጆቹ ስመውሃል፤ ሚስቴም ሰላም ብላሃለች።

ለፋሲካ መጥተህ አስታጥበኝ። ውሃውን እንዳታሞቀው።

ወንድምህ ኮርሳ