«ትሰሚኛለሽ?» ላልከው

ውድ ወንድሜ ሊሳንድሮ፣

ጀልባህ ባዶዋን ከተገኘች ወዲህ እማዬ ሁለት ክረምት ሙሉ ፍትሐት አላስደርግም ብላ ከረመች። ቄሱ በመጡ ቁጥር «ሬሳ የለ፣ ስንብት የለ፣ ምኑን ልቅበር?» ትላቸዋለች።

ባለፈው ወር አሮጌውን ኮምፒውተርህን ከፈትኩት። የምትጠግነውን ሞተር ጩኸት የምትቀዳባት መቅጃ አብራህ ሰምጣለች፤ ከእሷ የገለበጥካቸው ፋይሎች ግን አሉ። ምሳ ላይ እየከፈትክ «ስሙት እስቲ፣ ይሄ ሞተር አያስልም?» እያልክ የምታደነቁረን እነዚያ። ከመካከላቸው አንዱ ላይ «እማዬ» ብለህ ጽፈሃል።

አልከፈት አለኝ። አንተ የምትከፍትበት ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል፤ ፋይሉ ደግሞ ያቺ መቅጃ ብቻ የምታውቀው ዓይነት ነው። ፋይል የሚቀይር ድረ ገጽ ፈልጌ አገኘሁ። ልልከው ስል አመነታሁ። የት አገር እንዳለ የማላውቀው ማሽን ከእኛ በፊት ሊሰማህ ነው።

እማዬ አጠገቤ ድንች ትልጣለች።

«አለቀ?»

«እየቀየረው ነው።»

«ወደ ምን?»

«ወደሚሰማ።»

የድምፁን ፍጥነት ምረጪ ሲለኝ በግምት ነበር የመረጥኩት። ስከፍተው ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ እየተጎተተ መጣ። እማዬ ቢላዋውን ጣለች።

«ዝጊው! ልጄ ውሃ ጠጥቷል!»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ተሳስቼ...»

«ዝጊው አልኩሽ!»

ወጥታ ዝናብ ላይ ቆመች። ሌላ ፍጥነት መርጬ እንደገና ላክሁት። አሁን አንተው ራስህ መጣህ፤ ከኋላህ የወደቡ ነፋስ ይሰማል። «እማዬ! ትሰሚኛለሽ?» አልክ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ሳቅ ብለህ «አትሰማም» አልክና ዘጋኸው።

ጠራኋት። በር ላይ እንደቆመች ሰማችህ። ዝምታው ላይ ስትደርስ «እሰማሃለሁ! እሰማሃለሁ አባቴ!» ብላ ጮኸች። አንተ ግን «አትሰማም» አልካት። ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። ጮኸች። «አትሰማም።» ኮምፒውተሩን በጉልበት ነው የዘጋሁት።

በማግስቱ ተረጋግታ መጣች። «የእኔን መልስ ቅጂና ዝም ያለበት ቦታ አስገቢልኝ። ያቺን ቃል አውጫት።» እንዳለችው አደረግሁ። «አሁን ወደ እሱ መቅጃ ዓይነት መልሺው። በሌላ ከሆነ አይከፈትለትም።»

«እማዬ፣ መቅጃው እኮ ባሕር ውስጥ ነው።»

«እሱስ የት ነው ያለው?»

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ድረ ገጽ ከዚያ ዓይነት እንጂ ወደዚያ አልቀይርም አለኝ። ሌላም እምቢ አለ። ስንት ፈልጌ አንዱ ቀየረልኝ። በሚሞሪ ካርድ አድርጌ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት፤ እማዬ ክዳኑን በሻማ አሸገችው። ጓደኛህ ባልዶ ጀልባህ ወደተገኘችበት ይዞን ሄደ።

ጠርሙሱ አልሰምጥም አለ። እየተንሳፈፈ ይከተለን ጀመር። «እንደ ባለቤቱ ግትር ነው» አለ ባልዶ፤ ዕንባው እየወረደ ነበር። ከሞተሩ ሳጥን ትልቅ ብሎን አውጥቶ አሰረበት። ያን ጊዜ ሄደልህ።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችው እማዬ።

አጠፋው። ጆሮዋን ወደ ውሃው አዘንብላ ጠበቀች። ማዕበሉ ጀልባዋን ሲመታ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ «ቄሱን እሁድ ይምጡ በያቸው» አለችኝ።

ፍትሐትህ ተደረገ። ድንች ያለ ልክ ተበላ፤ ሞተር የሠራህላቸው ሁሉ መጡ። እማዬ አሁን እንቅልፍ ይወስዳታል። የባሰብኝ እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን በከፈትኩ ቁጥር አዲስ ፋይል መጥቶ እንደሆነ አያለሁ። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይለኛል።

በፈለግኸው ዓይነት ላከው፣ ወንድሜ። መክፈቱን ለእኔ ተወው።

እህትህ ኖልፋ
ከአቻኦ ወደብ