«ትኩስ ትብላ» ላሉን የመብራት ሹም

ነቀምቴ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለክቡር የከተማችን የመብራት ሞተር ሹም፣
ባሉበት፣

ክቡር ሆይ፥ ይህ ዝናብና ጭቃ ጤናዎን ሳይነካው፣ ሳልና ቁርጥማት ደጅዎን ሳይረግጡት፣ ከነቤተሰብዎ በሰላም እየከረሙ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም መብራት ሲመጣ በመብራቱ፣ ሳይመጣ በኩራዙ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ደብዳቤዬ ግልጽ በመሆኑ የዚህ መጽሔት አንባቢዎቼ አብረውን ያነቡታልና፣ ወደ ጉዳዬ ሳልገባ አንዲት ኀፍረቴን ለእነሱ ሹክ ልበላቸው። ባለፈው ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ወይዘሮ ድርቤ ወደ ቤቴ ብቅ ስትል ተንበርክኬ፣ ጆሮዬን ፍሪጁ ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘችኝ። ድርቤ የወንጌላውያን ምእመን ናት፣ እኔ ደግሞ የፍልሰታ ጿሚ ነኝ። የእኛ የጾም ጸሎት እንዲህ ያለ መስሏት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በሩ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ስነሣም «አሜን፣ ኦቦሌቲ ኮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ለፍሪጅ ተንበርክኬ እንደነበር መናገሩ አሳፈረኝና እኔም «አሜን» አልኋት።

ጆሮዬ ያዳምጥ የነበረው የሞተርዎን ኃይል ነበር፤ ፍሪጅ መብራት ሲያገኝ እንደ ንብ ቀፎ ስለሚያጉረመርም። በዚያ ሰዓት መብራት እንደሌለ እያወቅሁ ነው ያዳመጥሁት። ከሰኔ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አልቻልሁም፤ እነሣለሁ፣ እጄን ፍሪጁ ላይ አሳርፋለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ይህን ያደረገብኝ ምን እንደሆነ በትዕግሥት ያነቡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

በሚያዝያ ወር ፍሪጅ ልገዛ አዲስ አበባ ስወርድ ሁለት ዓይነት አቀረቡልኝ። አንደኛው በላምባ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሁለት በር ያለው፣ ከላይ ትንሿ በር በረዶ ቤት፣ ከታች ትልቋ በር ቀዝቃዛ ቤት የሆነ ነው። የገበያችን ላምባ ሻጭ አቶ ታፋ፣ ከመሄዴ በፊት «አዴ ጸሐይ፣ የላምባውን ይውሰዱ፤ ላምባ ማስታወቂያ አይለጥፍም» ብሎኝ ነበር፤ «አዴ» ወይዘሮ ማለቱ ነው። ለንግዱ ነው ብዬ ሳቅሁበት። አሁን ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ባርኔጣውን ከፍ ያደርግልኛል እንጂ አንድ ቃል አይናገርም፤ ይህም ከስድብ ይብሳል።

የኤሌክትሪኩን የመረጥሁት ቀንና ሌሊት መብራት ተስፋ የሰጠውን የእርስዎን ማስታወቂያ አምኜ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን የእኔ ሞኝነት በእኔው በቀረ። ነገር ግን የድርቤ ባል መምህር ገቢሳ ኩማ የስኳር በሽታ አለበት፤ በየጠዋቱ ኢንሱሊን የሚባለውን መርፌ ካልተወጋ አይሆንለትም። መድኃኒቱን የሚያገኘው ከወንዙ ማዶ ካለው ክሊኒክ ብቻ ሲሆን፣ ወንዙ ክረምት ሲገባ ሞልቶ እስከ መስከረም ሰው አያሳልፍም። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ክረምቱን ማዶ ካሉት አጎቱ ዘንድ ያሳልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን ድርቤ ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ ነፍሰ ጡር ሆናለች፤ ለመውለድ ሳምንታት ቀርተዋታል። «ፍሪጅ አለኝ፣ የሹሙም ማስታወቂያ ወጥቷል፤ መድኃኒትህን አምጣና ከሚስትህ ጋር ክረም» ያልሁት እኔ ነኝ። እሱ በእኔ ቃል ቀረ፤ እኔ ደግሞ በእርስዎ ቃል ተናገርሁ።

ከዚህ በኋላ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረብ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። «ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ መብራት ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ይሰጣል» የሚለው ጽሑፍ እንዴት ያለ የእጅ ጽሕፈት ነበር። ፊደሉን ዝናብ አጥቦታል፤ ማኅተሙ ግን እስከ ዛሬ አልደበዘዘም።

ሁለተኛ፦ ስለ ሰዓቱ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው ሳይወጣ በፊት ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት መብራት ነበረን፤ ከወጣ ወዲህ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። በዚህም ቸርነትዎ ሳቢያ ስለ ፍሪጅ አያያዝ ማንም ባለሱቅ ያልነገረኝን ተምሬአለሁና ለአንባቢዎቼ ላካፍል። ጀርባው ሙቀት የሚተፋበት ስለሆነ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። በረዶው ሲጋገር በቢላዋ አይፈቅፈቅ፤ ጠፍቶ በራሱ ይቅለጥ፣ ይህንንስ እርስዎ በየቀኑ ያደርጉልናል። የበሩን ላስቲክ ለመፈተን ወረቀት አጣብቆ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ካልወጣ ላስቲኩ ደህና ነው፣ እኔም የዚህን መጽሔት የራሴን ገጽ አጣብቄ ሞክሬዋለሁ። መብራት በሌለበት ጊዜ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ በጋቢ ይጠቅለል፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ይገለጥ። የሰፈሬ የባኬ ጃማ ሴቶች በመስኮት አይተውኝ «የአዴ ጸሐይን ፍሪጅ ኩፍኝ ይዞታል» እየተባባሉ ጠይቀውኛል፤ አንዷማ ቀይ ጨርቅ እንዳለብሰው መክራኛለች። ከሁሉ የሚበልጠው ምክር በሩን አለመክፈት ነው፤ እሱን ግን እኔ ራሴ አልቻልሁበትም። ቀዝቅዞ እንደሆነ ለማየት እየከፈትሁ ቅዝቃዜውን የማስወጣው እኔ ሆኜ ስለተገኘሁ ድርቤ እጀታውን በመቀነቷ አስራብኛለች።

የእኛንም ጥፋት አልሸሽግም። ድርቤ መድኃኒቱን መጀመሪያ ያስቀመጠችው በላይኛው በር ነበር። በእኛ አገር የተከበረ እንግዳ ታች አይቀመጥም፤ ከቤት ዕቃ ሁሉ የከበረው ይህ ነውና ላይ ይሁን አለች፣ እኔም አመሰገንኋት። ገቢሳ ካመጣው አሥር ጠርሙስ ሁለቱ በረዶ ሆነው አደሩ። ወንዙ ሳይሞላ አንድ ቀን የመጣችው የክሊኒኩ ነርስ «በረዶ የነካው ሞቷል፤ ጣሉት፣ ሌላ ትርፍ የለኝም። አይሙቅ፣ በረዶም አይሁን፤ ታችኛው ቤት መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ» ብላን ሄደች። ከዚያ ወዲህ ክብር ታች ወርዷል።

ሦስተኛ፦ በሐምሌ አጋማሽ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተውልዎ ስለዋሉባት ቀን አመሰግናለሁ። ሞተሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ሠራ፤ አምፖሎቹ በፀሐይ ላይ በሩ። እኔም ጋቢውን ገፍፌ ድርቤን ጠራኋት፤ ሁለታችን በርጩማ ስበን ፊት ለፊቱ ተቀምጠን ሲያጉረመርም ዋልን። በዚያን ቀን ሞተርዎ ቀን ቀንም መተንፈስ እንደሚችል ተረዳን።

አራተኛ፦ ስለ መልስዎ ከሁሉ አብልጬ አመሰግናለሁ። መምህር ገቢሳ ማመልከቻ ጽፎ፣ እኔ ፈርሜበት ስንወስድ ጸሐፊዎ «ቴምብር የለውም» አለን፤ ቴምብር ለጥፈን ስንመለስ «ሹሙ የሉም» አለን፤ ሦስተኛ ስንመለስ ማመልከቻችን በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎበት ተመለሰልን፦ «ፍሪጅ ቅንጦት ነው። ትኩስ ትብላ።» ገቢሳ ደጋግሞ አነበበውና «አዴ ጸሐይ፣ ወደ ታች አላነበቡትም ማለት ነው» አለኝ፤ የመድኃኒቱ ነገር ከሦስተኛው መስመር ይጀምር ነበርና። ክቡርነትዎ ስለ ምግቤ በማሰብዎ ከልብ ተነክቻለሁ። ነገር ግን ፍልሰታ ስለሆነ የምበላው ሽሮና ጎመን ነው፤ ሁለቱም እስኪቀዘቅዙ ጠብቀውኝ አያውቁም። በፍሪጄ ውስጥ ከውሃ ጠርሙስና ከገቢሳ መድኃኒት በቀር ምንም የለም።

አምስተኛ፦ ነዳጅ ስለቸገረ ነው ብለን ስናዝንልዎ፣ የሞተሩን ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው «ነዳጁስ በርሜል ሙሉ አለ፤ የሌለው ትእዛዝ ነው» ብሎ ከኀዘናችን ገላግሎናል። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራው በእርስዎ እጅ ነው።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ አበቃ፤ አሁን ወዳስጨነቀኝ ነገር ልምጣ። ከስምንቱ ጠርሙስ አራቱ አልቀዋል። ከቀሩት አራት አንዱ ባለፈው ሳምንት ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንደ እርጎ ተቋጥሮ ተገኘና ጣልነው። ሦስቱ ደህና ናቸው፤ ከተጠበቁ ወንዙ እስኪጎድል በጭንቅም ቢሆን ያደርሱታል። ካልተጠበቁ አያደርሱትም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እንዳናስመጣም የሐኪሙ ማዘዣ ያለው ወንዙ ማዶ ነው። ገቢሳም ይህን ስለሚያውቅ ትናንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሃያ ክንድ ገመድ ገዝቶ ገባ። ሐሙስ ከሁለት ዋናተኞች ጋር ወንዙን ተሻግሬ አዲስ መድኃኒት አመጣለሁ ይላል። ያ ወንዝ ባለፈው ክረምት ሁለት በቅሎና አንድ የጊዳ አያና ነጋዴ ወስዷል።

ድርቤ ገመዱን አየች። «አንተ ገቢሳ፣ ልጅህ መልክህን ከሰው አፍ እንዲሰማ ነው?» አለችው። እሱም፣ ሊያስቃት ፈልጎ መሰለኝ፣ «ከሹሙ ሞተር ወንዙ ይሻለኛል፤ ቢያንስ እሞላለሁ ባለበት ወር ይሞላል» አላት። አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም፤ ያስቀረሁት እኔ ነኝና።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፥ ቀንና ሌሊቱ ይቅርብን። ወንዙ እስኪጎድል ድረስ በየቀኑ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ሞተሩን ያስነሡልን። ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ በእጄ አመጣልዎታለሁ፤ ግልባጩ በነገው አውቶቡስ ወደ መጽሔቱ ይሄዳል። ገቢሳን እስከ ሐሙስ ነሐሴ 8 ቀን፣ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲታገሥ አስምዬዋለሁ። በዚያ ሰዓት መብራት ከመጣ ገመዱ ለልብስ ማስጫ ይሆናል። ካልመጣ ድርቤን ደግፌ እኔም አብሬ ወንዝ እወርዳለሁ። አንባቢዎቼ፣ ይህ ወጥቶ በእጃችሁ ሲገባ ሐሙስ አልፎ ይሆናል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ፣ ማን ገብቶ ማን እንደወጣ፣ ካየሁት ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍላችኋለሁ፤ ያን ጊዜ ሹማችንን በሙሉ ስማቸው እጠራቸዋለሁ።

ለከተማችን ብርሃን ሲሉ በጨለማ ለሚደክሙት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ያልተቋረጠ ጤናና ወደ ታች የሚያነብ ዓይን እየተመኘሁ፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጸሐይወርቅ ዓምደሚካኤል
ከባኬ ጃማ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ምንትዋብ ለዛሬ እንግዶችዎ የሚሆን በረዶ ካለኝ እንድሰጣቸው ዛሬ ጠዋት ሰው ልከውብኝ ነበር። ከላይኛው በር ያገኘሁትን ሁሉ በማሰሮ ሞልቼ ልኬላቸዋለሁ። መንገድ ላይ የቀለጠ መስሏቸው ተላላኪዋን እንዳይቆጧት ይንገሩልኝ፤ ከቤቴ ሲወጣም ውሃ ነበር።