ኮቱን ገና አልቆረጥኩትም

ሰኞ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ
ከልብስ ስፌት ማሽኔ ፊት

ለሆዴ ልጅ፣ ለሚጢጢዬ፦

የአላህ ሰላም በአንቺም፣ ሆድሽ ውስጥ ባለውም ላይ ይሁን። ዝምተኛውን ባልሽንም ሰላም በይልኝ፤ ተናድጄበታለሁ፣ ግን ሰላም በይልኝ።

ስልክሽን ያላነሳሁት አኩርፌ አይደለም። ካነሳሁ እጮሃለሁ፣ ከጮህኩ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ከባልሽ መውለድ እንደማትችዪ ሐኪሞቹ ነግረዋችሁ፣ ከማታውቁት ሰው በተሰጠ ዘር ማርገዝሽን ስትነግሪኝ ማሽኔን አቁሜ ተነሳሁ። ‹‹ተስማምተን ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ›› አልሽኝ። ሚስጥር ሆዴን እንደሚቆርጠኝ እያወቅሽ! ተናድጄብሻለሁ፣ ደግሞም አዝኜልሻለሁ። ስንት ዓመት ልጅ ልጅ እያልሽ እንዳለቀስሽ እኔ አውቃለሁ።

ሲጨንቀኝ ሼኩ ዘንድ ሄድኩ። ‹‹አንዲት የማውቃት ሴት አለች›› ብዬ ጀመርኩ። የዋዛ ሰው መሰለሽ? መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ፣ ማን ናት ብሎ ግን አልጠየቀኝም። በባልና በሚስት መካከል እስከሆነ ድረስ ሕክምናው አይከለከልም አለ፤ ሦስተኛ ሰው ከገባበት ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች አይፈቅዱም። ነሰብ፣ የዘር ሐረግ ማለት ነው፣ የልጁ ሐቅ ነው አለኝ። ማንን እንደሚወርስ፣ ማንን ማግባት እንደማይችል የሚያውቀው በሱ ነው። አድጎ እህቱን ሳያውቅ ቢያገባስ አለኝ።

‹‹የሆነው ከሆነ በኋላስ?›› አልኩት።

‹‹ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም›› አለ። ‹‹እነሱ ተጸጽተው ተውበት ያድርጉ፣ ልጁን ይውደዱት። ብቻ በዘሩ ላይ አይዋሹ።››

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ባለፈው ሳምንት አማትሽ የሟች ባሏን ጥቁር ኮት ይዛልኝ መጣች። ያንን ኮት ታውቂዋለሽ፣ ከሞተ ጀምሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ የኖረ ነው፤ ልጇን እንኳን አንድ ቀን ልልበሰው ሲላት ከልክላዋለች። አሁን ፈትቼ ለሚወለደው ልጅ ትንሽ ካፖርት እንድሠራ ትፈልጋለች። ‹‹የሱ ደም የሱን ልብስ ይልበስለት፣ ስሙም ይጠራለት›› አለችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም አለቀስኩ። በደስታ መሰላት፣ ምስኪን።

ኮቱን ዘርግቼ በጠመኔ አሰመርኩት። መቀሱን ሳነሳ ግን እጄ እምቢ አለ። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ምን ይመልሰዋል? መርፌ ተሰበረብኝ አልኳት፤ በማግስቱ መርፌ ገዝታ ከች። ዓይኔን አመመኝ አልኳት፤ ጠብታ ይዛ መጥታ ራሷ ጨመረችልኝ። አሁን የምዋሸው ነገር አልቆብኛል፣ እሷ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ላየው እመጣለሁ ብላለች። አባትሽ ሲሞት ስንት ሌሊት አጠገቤ ተኝታ ያባበለችኝ ሴት ናት። እንደ እህት ነን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገ ከሌላ ሰው ብትሰማው የባሌን ኮት እያወቀች ቆራረጠችው ትለኛለች። ምን እመልስላታለሁ?

ስለዚህ ዝምተኛው አፉን ይክፈትና ከጁምዓ በፊት ለእናቱ ይደውልላት። እኔ አልነግራትም፤ ከልጇ አፍ ነው መስማት ያለባት። ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽም፣ ይህን ዕወቂ።

አውቃ ‹‹ቁረጪው›› ካለችኝ ያኔውኑ እቆርጠዋለሁ፣ እንደኔ አሳምሮ የሚሠራውም የለም። ኮቷን አንስታ ከሄደችም መብቷ ነው፣ እንዳትቀየሚያት። ለልጁ የራሴን ቀሚስ ፈትቼ እሠራለታለሁ። የምፈራው የልብሱን ነገር አይደለም። ልጁ ከአንቺ ሆድ ስለሚወጣ የኔን አያትነት ማንም አያጠያይቅም፤ እሷ ግን አልፈልገውም ካለች አንዲት አያት ብቻ ይዞ ሊያድግ ነው። ለሁለት የምበቃ መሆኔን አላውቅም፣ ሚጢጢዬ።

አላህ ይማራችሁ፣ በሰላምም ያገላግልሽ። ከባድ ነገር እንዳታነሺ።

እናትሽ