ዘንባባህና የእትዬ ፈንታነሽ ጣራ

ለወንድሜ ለስጦታው፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ባለፈው በስልክ ስናወራ ያስልህ ነበር፤ ተሻለህ? የጁባ ሙቀት በርትቷል ብለኸን ነበርና እንቅልፍ ታገኛለህ? የመጋዘኑ ሥራስ እንዴት ነው? ምሥራቅ ደህና ናት? ወገቧን የሚያማትስ ተወት አደረጋት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችንም ከጉልበቷ በቀር ሌላ ሕመም የለባትም፤ ጉልበቷም ቢሆን የሚያማት ተነሺ ሲሏት ብቻ ነው።

የምጽፍልህን ነገር በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን መስመሩ ወሬው መሀል ላይ ይቋረጣል፤ ግማሹን ሰምተህ ግማሹን በራስህ ግምት እንድትሞላው አልፈለግሁም። ሾፌሩ ምንይሉ ወደ እናንተ እየተመለሰ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። በደወልህ ቁጥር «ዘንባባዬ እንዴት ናት?» ትላለህ። እናታችንም «ደህና ናት፣ ጥላዋ ስር ተቀምጠናል» ትልሃለች። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ብላህ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ «አንቺ ጻፊለት፤ እኔ አፌ አልታዘዝ አለኝ» አለችኝ።

ስለዚህ ልንገርህ። ዘንባባህ ሞታለች። ግንዷ ቆሟል፤ ከአናቷ ግን ምንም የለም። እንዴት እንደሆነ ከሌላ ሰው ቆራርጠህ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ሞጣ ስታስተምር ያመጣሃት ቀን ትዝ ይለኛል። በጆንያ ጠቅልለህ አውቶቡስ ላይ ጭንህ አስቀምጠሃት መጣህ፤ እኔ ዶሮ ገዝተህ የመጣህ መስሎኝ ነበር። ከአጥሩ ጥግ፣ በእትዬ ፈንታነሽ ቤት በኩል ተከልካት። ምን ያህል እንደምታድግ ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። ለጌጥ ነው አልከን፤ እኛም ጌጥ ትንሽ ነገር ነው ብለን አሰብን። ባለፈው ዓመት መጥተህ ብታያት ኖሮ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ግንዷን ማቀፍ አይችልም ነበር። ዝንጣፊዎቿ የእኛን ጣራ አልፈው በጎረቤት ጣራ ላይ ተኝተው ነበር። ለእንግዳ ቤታችንን የምንጠቁመው በእሷ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮችም «ዘንባባዋ ጋ» ካልካቸው ሌላ ምልክት አይጠይቁም ነበር።

ከስሯ ጎመንም ጌሾም ማብቀል ከቀረ ቆየ፤ ፀሐይ አይገባም። እናታችን አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም። የማማርረው እኔ ነበርኩ። ግማሽ ጓሮሽን በላችው ስላት የአደራ ዕቃ ነው ትለኛለች። ስጦታው መቼ አደራ አለሽ ብዬ ጠየቅኋት። እሷ እንደነገረችኝ፣ መናኸሪያ፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል፣ አንገትህን በመስኮት አውጥተህ «እማ፣ ዘንባባዬን አደራ» ብለሃታል። ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ አላስታውሰውም። ሰው ሲሰናበት የሚለው ይጠፋዋልና የመጣልህን የተናገርክ ይመስለኛል። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች።

ችግሩ የተነሣው በእትዬ ፈንታነሽ በኩል ነው። በዚህ እንዳትቀየማቸው፤ እውነቱ ከእሳቸው ጋር ነበር። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ዝንጣፊው ቆርቆሯቸውን ሲፍቀው ያድራል። የዝንጣፊው ግርጌ ላይ ያለው እሾህ ወስፌ ነው፤ የደረቀው ሲወድቅ ጣራውን ይበሳዋል። ፍሬው አሸንዳውን ይደፍነውና ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። ካቻምና ክረምት ጎተራ ሳይገባ የቆየ ጤፋቸው ረጥቦ ሻገተ። ብዙ ዓመት ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። በኋላ ቀስ ማለቱን ተዉት። አንድ ጠዋት ከአጥሩ ባሻገር ቆመው፣ ሰፈሩ እየሰማ፣ «አምሳለች፣ ልጅሽ ጁባ፣ ዛፉ እኔ ጣራ ላይ» አሏት። እናታችን ደግሞ ምን አለፋህ፣ «ከጣራሽ ይልቅ የሚያፈሰው ምላስሽ ነው» ብላ መለሰችላቸው። የሰማ ሁሉ ሳቀ። ሁለቱ አልሳቁም።

ተኳረፉ። በአጥሩ መካከል ያለችው ሽንቁር፣ እሳትና ጨው የምንቀባበልባት፣ በእሾህ ተዘጋች። መጀመሪያ የዘጉት እትዬ ፈንታነሽ ናቸው፤ እናታችን በማግሥቱ ከእኛ በኩል ሌላ እሾህ ጨመረችበት። በማርያም ማኅበር አንዷ በሩ አጠገብ፣ ሌላዋ እጓዳው ጥግ መቀመጥ ጀመሩ። እኔ ክርስትና ልጃቸው ነኝና ከሁለቱ ቤት አንዱን መምረጥ አልቻልኩም፤ በዋናው መንገድ ዞሬ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። እናታችን የት ነበርሽ አትለኝም። እትዬ ፈንታነሽም እናትሽ እንዴት ናት አይሉኝም፤ ጉልበቷን የሚያሽላት ቅባት ግን አንድ ቀን በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ። ከማን ነው እንዳትይ አሉኝ።

በዐቢይ ጾም ሽማግሌ ገባ። የኔታ ይርሳው መሩት። እናታችን አትቆረጥም አለች፤ እትዬ ፈንታነሽ ሌላ ክረምት አልችልም አሉ። መፍትሔውን ያመጣው ባሕር ዛፍ ቆራጩ ከፋለ ነው። ባሕር ዛፍ ቆርጠነው ያላቆጠቆጠበት ጊዜ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የለም አልነው። እንግዲያስ አናቷን ከጣራው በታች እናንሳላት፤ ክረምት ሲገባ ከጎንና ከጎኗ አቆጥቁጣ አጭርና ደንደን ያለች ትሆናለች አለ። የኔታ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አስተማሪዋ ነቀነቅሁ። ወንድሜ፣ እኛ ሁላችን ባሕር ዛፍ ውስጥ ያደግን ሰዎች ነን፤ በቆረጡት ቁጥር ከሚበዛ ዛፍ ሌላ አናውቅም። እናታችንም ካልሞተችማ አደራዬን አልበላሁም ብላ እሺ አለች።

የተቆረጠችው ለሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ነው። ከፋለ በገመድ ወጥቶ በመጋዝ አነሣት። አናቷ ሲወድቅ መሬቱ ነጠረ። ዲያቆናቱ ዝንጣፊውን በጋሪ አመላለሱት። ሌላ ጊዜ ለቀለበትና ለግንባር የሚሆን ቅጠል የሚሻማው ሕዝብ በዚያ ሆሳዕና ሙሉ ዝንጣፊ ይዞ አስቀደሰ። እናታችንና እትዬ ፈንታነሽ ጎን ለጎን ቆሙ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሽንቁሯ እሾህ ከሁለቱም ወገን ተነሣ። መልካም ሥራ የሠራን መሰለን።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ሁለቱ በየጠዋቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ግንዷ ሥር ይቆማሉ። ሐምሌ ላይ ትንሽ ዝናብ ትጥገብ ተባለ። ነሐሴ ላይ ብርዱ ነው የያዛት ተባለ። መስከረም ላይ ፀሐይ ስታገኝ ትወጣለች ተባለ። እትዬ ፈንታነሽ የበግ ፍግ በቅርጫት እያመጡ ሥሯ ላይ አፈሰሱ። ጣራቸውን ስትበሳ የኖረችውን ዛፍ እንደ ታማሚ ጠየቋት። ከፋለ በእኛ በር ማለፍ ተወ።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲከፈት ለስብሰባ ሞጣ ሄድኩና አንተ ተከራይተህበት ከነበረው ከአቶ ባየ ቤት ጎራ አልኩ። አርጅተዋል፤ አንተን ግን በስምህ ጠየቁኝ። ያንተ ዘንባባ እናት አሁንም አለች። እሷን ላለመንካት የግቢያቸውን በር ወደ ሌላ ጎን አዙረውላታል። የእኛን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ፣ ዘንባባ ያላት አንድ ራስ ነው። ባሕር ዛፍ በየትም ያቆጠቁጣል፤ እሷ የምታድገው በአናቷ ብቻ ነው» አሉኝ። ማን ቆረጣት አሉ። ሁላችንም አልኳቸው።

ብቸና እንደገባሁ ሁለቱንም ግንዷ አጠገብ አግኝቼ እንደሰማሁት ነገርኳቸው። መደበቅ አልፈለግሁም፤ እስከ መቼ ይጠብቃሉ? እናታችን ወደ ላይ አንጋጣ አየችና «አደራውን በላሁት» አለች። እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው በሽንቁሯ ሄዱ። እሾሁን ይመልሱታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመለሱትም፤ ግን መምጣቱንም ተዉ። ከወዲያ በኩል ድንጋይ ሲያንከባልሉ፣ አፈር ሲጭሩ ይሰማን ነበር።

የዘንባባዋ ፍሬ በየዓመቱ ጓሯቸው ላይ እየወደቀ ይበቅል ነበር። እሳቸውም ቡቃያውን እንደ አረም ሲነቅሉ ኖረዋል። አሁን ደግሞ ነቅለው ያልጨረሱትን ፍለጋ ገቡ። ለብዙ ቀን አጡ። በመጨረሻ በሽንት ቤቱ ግድግዳና በድንጋይ ክምሩ መካከል አንዲት አገኙ፤ እጅ የማያስገባ ቦታ ስለሆነ ነው የተረፈችው። ባለፈው እሑድ በዘይት ጣሳ ተክለው ይዘዋት መጡ። ሁለት ቅጠል አላት፤ ላላወቃት ሣር ናት።

«አምሳለች፣ የእሷ ልጅ ናት» አሏት። «እዚያው ጥግ ትከያት፤ ጣራዬ እንደሆነ ለምዶታል።»

እናታችን ጣሳውን ተቀብላ አዙራ አዙራ አየችው። ከዚያ መለሰችላቸው።

«አንቺ ጓሮ ትተከል» አለች። «አሁን ደግሞ ጥላው እኔ ላይ ይውደቅ።»

እንደ ድሮው ተጨቃጨቁ። እናታችን ረታች፤ የጉልበቷን ሕመም ሳታነሣ በሽንቁሯ ጎንበስ ብላ አለፈች። እኔ ቆፈርኩ፣ እትዬ ፈንታነሽ ቡቃያዋን ያዙ፣ እናታችን አፈር አለበሰች። ከቤት ራቅ አድርጉ ብላቸውም ጓሮው ጠባብ ነው፤ የትም ብትተከል ወደ አጥራችን ናት። ጣራ እስክትደርስ ሁለቱም እንደማይኖሩ አውቃለሁ፤ እነሱም ያውቃሉ። ያኔ የሚፋቀው ቆርቆሮ የእኔና ያንተ ነው።

የቀረው ያንተ ነው። ከፋለ ግንዱን ላንሣላችሁ ብሎ ሰው ልኮብናል፤ እናታችን ግን ስጦታው ሳይል ማንም አይነካውም ብላለች። ስትደውል ስለ ዘንባባዋ እንደ ወትሮው አትጠይቃት። «እማ፣ አደራዬን ተረክቤያለሁ» በላት። ይህን ብቻ በላት፤ ግንዱን እኛ እናነሣዋለን። አዲሷን ደግሞ ለማንም አደራ አትበል።

እናታችን ጉንጭህን ትስማለች፤ ለምሥራቅም በርበሬ ልካለች፣ ከምንይሉ ተቀበሉ። ባለቤቴ አስናቀው ሰላም ብሎሃል። መክሊት ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ አጎቴ ስልክ ሲደውል እኔን ለምን አያቀርቡኝም ብላ ተቀይማለች። የኔታ በጸሎት ያስቡሃል። እትዬ ፈንታነሽ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናቸው፤ «ጣራዬ ደርቋል፤ እንዲህ ይድረቅ ግን አላልኩም በይልኝ» ብለውሃል።

እህትህ ዘርፈሽ
ብቸና፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.